ጄንትል

እንግሊዝ ዓሣ አጥማጅ መንጠቆው ላይ የሚሰካውን የዝንብ እጭ «ጄንትል» ይለዋል። ቀልድ አይደለም፤ መዝገበ ቃላታቸው ውስጥ አለ። ገላው ለስላሳ ስለሆነ ነው ይባላል። የቃሉ ጭራ ላይ ትል መኖሩ ግን የሚሰማው ለአማርኛ ጆሮ ብቻ ነው፤ ባለቤቶቹ ይህን ሁሉ ዘመን ሲናገሩት ኖረው አልሰሙትም።

ይኸው ቃል ነው እንግዲህ የሕፃናት ሻምፑ ላይ «አይቆጠቁጥም» ለማለት የሚጻፈው፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ለስስ ልብስ የሚመረጠው፣ ከ«ማን» ጋር ተጋብቶ ደግሞ የወንዶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ የሚለጠፈው። (ወለሉን ያየ ሰው ጄንትልነቱ በሩ ላይ መቅረቱን ይረዳል።) አዲስ አበባ ሲደርስማ ሱፍ ለበሰ። ጫማውን አስጠርጎ ከረባት ያሰረ ሁሉ «ጄንትል ሆነሃል!» ይባላል፤ አፉ የፈለገውን ይናገር።

ዘሩ ሲቆጠር ላቲን ይደርሳል፤ «ጌንስ» ከሚለው ከጎሳ ስም የተወለደ ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ በ13ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ትርጉሙ «ከደህና ቤት የተወለደ» ነበር። ለስላሳነቱ ኋላ የመጣ ነው።

አክስቴ ይህን ላቲን ሳትማር ደርሳበታለች። ልጇ ስለ አንድ ወጣት ስታጫውታት፣ «እማዬ፣ የመኪና በር ይከፍትልኛል፣ ወንበር ይስብልኛል፣ ምን ልበልሽ፣ በጣም ጄንትል ነው!» አለቻት። አክስቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ቀና እንኳን ሳትል፣ «እሱስ ይሁን፤ የማን ልጅ ነው?»

የእኛው «ጨዋ»ም ታሪኩ ከዚህ አይሻልም። ዛሬ «የጨዋ ልጅ» ስንል አንገቱን የደፋ፣ ታላቁን የሚያከብር ማለታችን ነው። የቤተ ክህነት ሰው ሲለው ግን «ያልተማረ» ማለቱ ነውና፣ ሊቃውንት መሀል ተቀምጦ «ጨዋ ነው» የተባለ ሰው ቶሎ ብሎ እጅ ባይነሣ ይሻላል። ከሁሉ የሚብሰው የጥንቱ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ «ጨዋ» ማለት ንጉሡ በየአገሩ የሚያሰፍረው ጦር ነበር። ገርነትን የምንጠራበትን ቃል እነሱ ከባላባት፣ እኛ ከወታደር መውሰዳችን ይገርመኛል፤ ገር ሰው ጠፍቶ ነው?

እስቲ አስቡት፤ ጦርና ጋሻ ያነገበ ሠራዊት ቁልቁለቱን ሲወርድ የገበሬው ሚስት «አንተ ሰውዬ፣ ጨዋ መጣብን!» ብላ ስትጮህ፣ ባልም ዶሮዎቹን ጓዳ ለማስገባት ሲራወጥ።