«እኔ በልቼ ነው የመጣሁት»፦ በወላይታ ሶዶ ልኳንዳ ቤቶች ስለሚታየው የሥጋ መሰወር የተደረገ ጥናት

መነሻ

ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከአርባ ምንጭና ከጅማ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። መንገድ በሚገናኝበት ሹፌር ይቆማል፤ ሹፌር በቆመበት ልኳንዳ ይከፈታል። ክልል ባለበት ስብሰባ አለ፤ ስብሰባ ባለበት አበል አለ። የእነዚህ ሁኔታዎች ድምር ውጤት ቁርጥ ነው።

ስለ ሶዶ ቁርጥ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ሥጋው ልስላሴና ስለ ዳጣው ኃይል ያወራል። ይህ ጥናት ግን እስካሁን በቸልታ የታለፈውን ችግር ያነሳል። ወደ ልኳንዳ ቤት የሚገባ ሰው፣ ጓደኞቹ ከከበቡት ትሪ አጠገብ ወንበር እየሳበ፣ «እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ከእርሱ በፊት የተቀመጡትም ሲገቡ ይህንኑ ብለዋል። አስቀድሞ ያዘዘው ጋባዥም «እናንተ ብሉ፣ እኔ ጨጓራዬን ያመኛል» ብሏል። ከሰዓት በኋላ ትሪው ላይ አጥንት ብቻ ይገኛል። የጥናቱ ጥያቄ እንግዲህ አንድ ነው፦ የራበው ሰው በሌለበት ሥጋው የት ገባ?

የቀደሙ ጽሑፎች ቅኝት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በጎንደር ዘመን አገራችንን አይቶ ተመለሰና በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጥሬ ሥጋ አበላላችን ጻፈ። የለንደን ሰዎች ውሸታም አሉት። ብሩስ ካሰፈራቸው ነገሮች ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው አንድ ነው፤ በግብር ላይ የተቀመጠ የተከበረ ሰው በገዛ እጁ እንደማይጎርስ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሴቶች እንደሚያጎርሱት መዝግቧል። መብላት የሰውየው ሥራ እንዳልነበረ፣ የሌሎች ጥፋት እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማርሴል ሞስ ነው። ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. በወጣው ዝነኛ ጥናቱ፣ በስጦታ ዙሪያ ሦስት ግዴታዎች አሉ አለ፦ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። ሞስ ሶዶን ቢያይ ኖሮ አራተኛውን ይጨምር ነበር፤ መሽቀዳደም።

የጥናቱ ዘዴ

ጥናቱ የተካሄደው በአሳታፊ ምልከታ ነው። ናሙናው የተመረጠው ከሻኛ፣ ከጎድንና ከታላቅ ሲሆን፣ ለድጋሚ ምርመራ ሊቀመጥ አልቻለም፤ ተበልቷል። ቃለ መጠይቅ ለማድረግ ተሞክሮ መላሾቹም ጠያቂውም አፋቸው ሞልቶ ስለነበር ተትቷል። የኪሎው ዋጋ ጽሑፉ እስኪታተም ድረስ እንደማይቆይ ስለታመነበት አልተመዘገበም።

ግኝት አንድ፦ በሬው

የወላይታ ገበሬ በሬውን ካረሰበት በኋላ ያደልበዋል፤ ወይም ከሲታ በሬ ገዝቶ ለወራት ደጁ ላይ ያስረዋል። መሬቱ ጠባብ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የወላይታ ዞን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። ስለዚህ በሬው ሜዳ አይለቀቅም፤ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠልና ከማሳ የተነቀለ የበቆሎ አገዳ እዚያው በታሰረበት ይቀርብለታል። ማለትም ይህ እንስሳ ዕድሜውን የጨረሰው በመጎረስ ነው። ሰው ሲያቀርብለት «በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ የማያውቅ፣ በገበታው ሰንሰለት ውስጥ ብቸኛው ሐቀኛ ተመጋቢ እርሱ ነው። ያገኘውም ዋጋ ይታወቃል።

ግኝት ሁለት፦ የግማሽ ኪሎ ሕግ

በሶዶ ልኳንዳ ሁለት ኪሎ ሥጋ ያዘዘ ሰው አልተገኘም። የሚታዘዘው ሁሌም ግማሽ ኪሎ ነው፤ ለቅምሻ። ጋባዡ ከመቀመጡ በፊት ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ ከተሰቀለው ሙዳ ፊት ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ «ከዚህ፣ ከዚያች ከጎኗ፣ ጮማ ቀላቅልበት» ይላል። ቆራጩ ቢላውን ሞረድ ላይ ያመላልሳል፣ ይቆርጣል፣ ሚዛን ላይ ያኖራል። ከዚያ አንዲት ቁራጭ ምርቃት ጣል ያደርጋል። ሁለቱም ሚዛኑን አያዩም፤ የሚተያዩት ዓይን ለዓይን ነው።

አዲስ ሰው በገባ ቁጥር አዲስ ግማሽ ኪሎ ይታዘዛል። ሰውየው በልቶ ነው የመጣውና ለእርሱ አይደለም፤ «ለጨዋታው» ነው። ጥሬው ሲያልቅ ግማሽ ኪሎ ጥብስ ለመዝጊያ ይመጣል። መዝጊያውን ተከትሎ የሚገባ ሰው ስለማይጠፋ እንደገና ይከፈታል። ድምሩን ማንም አይደምረውም፤ መደመር ለአስተናጋጇ ብቻ የተተወ ሙያ ነው።

ግኝት ሦስት፦ ዳጣ

ዳጣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅጠል ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ማባያ ነው። የገበታው ሕክምና ክፍልም እርሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ሳይንስ ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያስተላልፍ፣ መከላከያውም በቄራ የሚደረግ ምርመራና በደንብ ማብሰል መሆኑን ካረጋገጠ ቆይቷል። ይህን የማያውቅ በላተኛ አልተገኘም። ሁሉም በትክክል ካስረዳ በኋላ «ዳጣው ይገድለዋል» ብሎ ይደመድማል። ዳጣው አይገድለውም። በላተኛውን ግን ያስለቅሰዋል፤ በዕንባ መካከል አንድ ሰው ስንት ቁራጭ እንደወሰደ ጎረቤቱ ሊያይ ስለማይችል፣ ዳጣ ለሥጋው መሰወር አስተዋጽኦ እንዳለው ጥናቱ አረጋግጧል።

ግኝት አራት፦ ሃይማኖትና የጠርሙስ ፍልሰት

በዚያው በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ ከመቶ 71 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር። ይህ በገበታው ላይ ሁለት ውጤት አለው። የመጀመሪያው ጸሎት ነው። ሥጋው ሲቀርብ አንዱ እንዲባርክ ይጠየቃል። ስለ ማዕዱ ያመሰግናል፤ ያዘጋጁትን እጆች ይባርካል፤ የሌላቸውን ያስባል፤ ከዚያ ወደ አገር ሰላም ይሻገራል። ከጠረጴዛው ዳር የተቀመጠው ወንድም በዚህ ጊዜ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ሻኛዋ ያለችበትን አቅጣጫ ሲያጣራ ታይቷል። «አሜን» በተባለበት ቅጽበት እጁ ደርሷል።

ሁለተኛው ማግባቢያ ነው። አዲስ አበቤ አንዲት ጉርሻ ለማስዋጥ ማርያምንም ሚካኤልንም ይጠራል። መሐላ የማይፈቀድለት ምእመን ግን የበለጠ መሣሪያ አለው፤ ይመርቃል። «ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ይቺን ብቻ!» መሐላን መመለስ ይቻላል፤ በረከትን እምቢ ያለ ግን ጤናው ያጠራጥራል።

ከጠረጴዛው ግማሹ ቢራ፣ ግማሹ ለስላሳና አምቦ ውኃ ይጠጣል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በበሩ ብቅ ካሉ ግን ጠርሙሶቹ ባለቤት ይቀይራሉ፤ ቢራው ሁሉ ኦርቶዶክስ በሆነው ጓደኛ ፊት ይሰበሰባል። እርሱም ብቻውን አራት ጠርሙስ ይዞ በጨዋነት ፈገግ ይላል። ረቡዕና ዓርብ የንስሐ አባቱ በመንገድ ሲያልፉ፣ ከፊቱ ያለው ጎድን በተቃራኒው አቅጣጫ ይሰደዳል። የሃይማኖት መቻቻልን በሚመለከት በአዳራሽ ከሚሰጡ ሥልጠናዎች በተለየ ይህ አሠራር ያለ አበል ይፈጸማል።

ግኝት አምስት፦ ሒሳብ

የሥጋው ጉዳይ እዚህ ላይ ይፈታል። አስተናጋጇ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ፣ ሲበሉ ያልተጣደፉ ሰዎች ሁሉ በአንድነት ይነሳሉ።

«ተው እንጂ ጋሼ፣ እርስዎማ እዚህ አይከፍሉም!»

«አንተ ልጅ፣ እጄን ልቀቅ።»

«እኅቴ፣ የእሳቸውን እንዳትቀበዪ!»

«የሱን ብትቀበዪ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልገባም!»

አስተናጋጇ በሁለት ብር መካከል ትቆማለች። የምትቀበለው ነገም ከሚመጣው ነው፤ ይህን ሕግ ማንም አላስተማራትም፣ ተሳስታም አልታየችም።

ከፋዮች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ግልጽ ታጋይ ነው፤ የሌሎቹን እጅ ይይዛል። ሁለተኛው ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ነው፤ «እኔ ነኝ የምከፍለው!» እያለ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ እጁም ግርግሩ እስኪያልፍ ድረስ ከዚያ አይወጣም። ሦስተኛው ስውሩ ነው። አንድ ሰው ወላይታ ዲቻ በ2010 ዓ.ም. የግብጹን ዛማሌክ በፍጹም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ያስወጣበትን ታሪክ ማንሳቱ አይቀርም። ምቱ ሊመታ ሲል ጠረጴዛው ሁሉ ወደ ተራኪው ያፈጣል። ስውሩ ያን ጊዜ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሳና በካሸሯ በኩል ዞሮ ይመለሳል። ዲቻ ባሸነፈ ቁጥር ሒሳቡ ተከፍሎ ይገኛል።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር የእጅ ግብግቡ ይቀራል ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል። አሁን የሚነጠቀው ስልክ ነው። «ኔትወርክ እምቢ አለኝ» የሚለው ሐረግም ለሁለተኛው ዓይነት ከፋይ ኪሱን ተክቶለታል።

ውይይት

ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ወላይታ አዲስ ዓመቱን፣ ጊፋታን ያከብራል። ለዚህ ቀን ወንዶቹ ለበሬ መግዣ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ። በሬው በጋራ ተገዝቶ ይታረዳል፣ ሥጋው ይከፋፈላል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ የራሱን ድርሻ ትቶ ጎረቤቱን ይጠራል። ሥጋ ያላት አንዲት ቤት ሥጋ ካላት ሌላ ቤት ሥጋ ልትበላ ትሄዳለች። በቆጣቢነት ሳይንስ ይህ ትርጉም የለውም፤ ዓመቱን የቆጠበው ሰው ግን ሊበላ ሳይሆን ሊያበላ እንደቆጠበ ከተረዳን ስሌቱ ይገጥማል።

ልኳንዳ ቤቱም ይህንኑ በግማሽ ኪሎ እየከፋፈለ በየሳምንቱ ይፈጽማል። ስለዚህ ጥናቱ የሚደርስበት ድምዳሜ፣ በሶዶ ሥጋ የሚበላ ሰው የለም፤ የሚያበላ ብቻ ነው የሚል ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በአንዱ ተገዝቶ በሌላው ተጎርሶ፣ በጎረሰው ሰው ሒሳብ ላይ እንደ ውለታ ተመዝግቧል። ውለታው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል፤ ከነወለዱ፣ ማለትም ከነጥብሱ። ራበኝ ያለ ሰው ከዚህ ሥርዓት ራሱን ያወጣል፤ ለራሱ በልቷልና ማንም ባለዕዳ አላደረገውም፣ እርሱም ማንንም ባለዕዳ አላደረገም።

ምክረ ሐሳብ

ሀ. በሬ አድላቢው ገበሬ በአማካሪነት ይጠራ፤ በገበታው ሰንሰለት ውስጥ ከወጪው ይልቅ ገቢውን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ለ. የግማሽ ኪሎ ድምር ለበላተኞች በየመሃሉ ይነገር የሚለው ሐሳብ ታይቶ ውድቅ ተደርጓል፤ የሕዝብን ሰላም ያውካል።

ሐ. ብቻውን ገብቶ፣ አንድ ኪሎ አዝዞ፣ በልቶ፣ ከፍሎ የወጣ ሰው የሚታወቅ ከሆነ ለቀጣዩ ጥናት ይጠቆም።

መ. ጥናቱ ከማንኛውም ወገን የገንዘብ ድጋፍ አላገኘም። ለመደገፍ ወደ ኪሳቸው የገቡ ነበሩ፤ እጃቸው በወቅቱ ተይዟል።