ጅማ ሳይደርስ የቀረው መንገደኛ

አሜሪካኖች ዳኮታ የተባለውን አውሮፕላን ሲሠሩት እንደ እኛ ያለ ተሳፋሪ አላሰቡም። ያሰቡት ሃያ ስምንት ወታደር ነው፤ እሱንም ደርሶ እንዲያወርድ ሳይሆን አየር ላይ እንዳለ በበሩ እንዲያራግፍ። በጦር ሜዳ ስሙ ሲ-47 ይባላል፤ ዳኮታ ያሉት እንግሊዞች ናቸው። በ1941 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከአሥር ሺህ በላይ ተሠራ። በ1944 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ኖርማንዲ ላይ ጃንጥላ ለባሹን ሌሊቱን ሲያዘንብ ያደረው እሱ ነው። ጄኔራል አይዘንሃወር ለድሉ ከረዱን ዕቃዎች አንዱ ብለው ከጂፕና ከቡልዶዘር ጎን አሰልፈውታል። ልብ በሉ፣ አንድ ጥይት የማይተኩስ አውሮፕላን ነው።

ጦርነቱ አለቀና ይህ ሁሉ ዳኮታ ሥራ ፈታ። ሥራ ከሰጡት አገሮች አንዷ የእኛዋ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የተነሣው በአምስት ሲ-47 ነው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተነሣ። አውሮፕላኖቹ ግን ወታደርነታቸው ከውስጥ አልለቀቃቸውም። መቀመጫው በግራና በቀኝ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ተጣጣፊ አግዳሚ ነው፤ መሐል ወለሉ ላይ ጭነት ይከመራል፤ ተሳፋሪው ከጭነቱ ወዲያና ወዲህ ፊት ለፊት ይተያያል። ለወሬ እንዲህ ያለ አቀማመጥ ከየት ይገኛል? የዛሬ መንገደኛ የፊተኛውን ሰው ማጅራት ሲያይ ውሎ አህጉር ያቋርጣል። የዳኮታ መንገደኛ ገና ሞተሩ ሳይነሣ የባልንጀራውን የልጆች ብዛት፣ የመሬት ክርክርና የኩላሊት ሕመም አውቆ ይጨርሳል።

እኔ የተሳፈርኩት በ1951 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስቴ ጅማ ወልዳ የሕፃኑ ክርስትና ደረሰ፤ አያቴ ሳይገኙ ክርስትና ሊነሣ አይችልም። በመኪና እንዳይሄዱ ክረምት ነው፤ የዚያን ጊዜ የጅማ መንገድ ጭቃው ትሬንታ ኳትሮ የሚሉትን የጭነት መኪና ከነጭነቱ ይዞ ያሳድራል። አባቴ በአውሮፕላን ይሁን ብሎ ቲኬት ቆረጠ። እኔም ደጋፊ ተብዬ ታከልኩ።

የአያቴ ጭንቀት ግን በረራው አልነበረም፤ ጠጁ ነው። ባዶ እጇን የመጣች አያት የክርስትና ቤት ደጃፍ በምን ዓይኗ ትረግጣለች? በዚያ ላይ አንድ የሰፈር አዋቂ «አውሮፕላን ላይ ፈሳሽ አይጫንም» የሚል ወሬ ጥሎ ሄዷል። እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። አያቴ ጠጁን በትንሽ ደምጃን ሞሉ፣ አፉን በቡሽ ወተፉ፣ ቡሹን በሰም አሸጉ፣ ደምጃኑን በጋቢ ጠቀለሉና በአንቀልባ አዘሉት።

ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ሰውም ዕቃም ሚዛን ላይ ይወጣል። ነገሩ ለክፋት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ቆላ ላይ የሚያሳዩትን ጉልበት እዚህ አያሳዩም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ኪሎ ትቆጠራለች። ይህን ለአያቴ ማን ያስረዳ!

«እኔ ቡና ነኝ ወይስ ቅቤ?» አሉ ሚዛኑን በከዘራቸው እየነካኩ። «ሰው የሚመዘነው ሲሞት ነው፤ እሱም ሚካኤል ፊት።»

ሚዛኑ ዘንድ ያለው ወጣት ትሑት ነበር። «እሜቴ፣ ለበረራው ነው እንጂ ለማንም አንናገርም» ብሎ አግባብቶ አወጣቸው። መርፌው ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየ። አያቴ ነፋስ የሚወስዳቸው ቀጭን ሴት ናቸው።

«ሕፃኑ ከበድ ይላል» አለ።

«ምነው ልጄ፣ እንትፍ በልበት እንጂ!»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ሳምንቱ።»

«በሁለት ሳምንቱ መንገድ?»

«ለክርስትና እኮ ነው የምንሄደው።»

«መንገድ ላይ አያስቸግርዎትም? አያለቅስም?»

«ያጉረመርማል እንጂ አያለቅስም።»

ወጣቱ መዝገቡ ላይ «ሕፃን 1» ብሎ ጻፈ። አያቴ አንዲት ቃል አልዋሹም። የንስሐ አባታቸው ቢጠይቋቸውም ቀና ብለው የሚደግሙት ነው።

ዳኮታ መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ሰማይ ያያል፤ ጅራቱ ዝቅ ብሎ በትንሽ ጎማ ያርፋል። በሩ ያለው ከኋላ ስለሆነ ገብቶ መቀመጫ ለማግኘት ዳገት መውጣት ነው። «ገና ሳይነሣ ሽቅብ ጀመረ?» አሉ አያቴ ትከሻዬን ተደግፈው። ቀድመውን የገቡት አንድ ቡና ነጋዴ፣ ዶሮ የታቀፈች ሴት፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ቄስና ኮርያ ዘምቶ የተመለሰ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ ሌሎቹን ረስቻቸዋለሁ። መሐሉ ላይ የስኳር ጆንያና የአቡጀዲ ጥቅል ተከምሯል። ጣሪያው ሥር ከፊት እስከ ኋላ የተወጠረ የብረት ገመድ ነበር። ተሳፋሪው ባለቤት የሌለው መስቀያ መስሎት እዚያ ላይ ያልሰቀለው የለም፤ ኮት፣ ቅርጫት፣ ቆብ፣ የቄሱ ጃንጥላ።

ሃምሳ አለቃው ይህን ማለፍ አልቻለም። ኮርያ ላይ ዳኮታን በሚገባ አውቆታል።

«ይህ ገመድ ለኮት አይደለም» አለ። «ጃንጥላ ለባሹ የጃንጥላውን ማሰሪያ እዚህ ላይ ይቆልፍና በዚያ በር ይወረወራል።»

«ምን አጥፍቶ?» አሉ አያቴ።

«አጥፍቶ አይደለም እሜቴ፣ ሥራው ነው።»

«ደመወዝ ይቆረጥለታል?»

«እንዴታ!»

አያቴ በሩን አዩ፤ ሃምሳ አለቃውን አዩ። «ዘመድ የሌለው ሰው ይሆናል» ብለው ከበሩ ራቅ ወዳለው አግዳሚ ፈቀቅ አሉ። ቄሱም ቀስ ብለው ተነሥተው ጃንጥላቸውን ከገመዱ አወረዱ። አሠራሩን ከሰሙ ወዲያ ለመወርወር የተዘጋጁ መምሰል አልፈለጉም።

ሞተሮቹ ተነሡ። እያንዳንዳቸው አሥራ አራት ሲሊንደርና አንድ ሺህ ሁለት መቶ የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ፈረሶቹ ሁሉ አንድ ላይ ያስነጠሱ መሰለኝ። ጥቁር ጭስ በመስኮቱ አለፈ፤ ጥርሳችን ተንገጫገጨ፤ ሜዳው መሮጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጅራቱ ተነሣና ወለሉ ተስተካከለ፤ ቀጥሎ መሬቱ ጥሎን ቀረ። የፉሪ ተራራ ከጎናችን ዝቅ ሲል ዶሮዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዶሮዋ ባለቤት በስተቀር የተናገረ አልነበረም፤ እሷ የአያቴን ጀርባ እያየች ትገረማለች። «የኔ እናት! በዚህ ሁሉ ጩኸት ድምፅ የለውም እኮ፤ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!»

እዚህ ላይ ስለ አየሩ ጥቂት ልናገር፤ ጥፋተኛው እሱ ነውና። የዛሬ አውሮፕላን ውስጡ አየር ታምቆበት ስለሚበር ሰውነታችን ሽቅብ መውጣቱን እምብዛም አያውቅም። ዳኮታ ያ ነገር የለውም። ውጭ አየሩ ሲሳሳ ውስጡም እኩል ይሳሳል፤ ጆሮ የሚደፈነውና ሰው በየመቀመጫው የሚያዛጋው ለዚህ ነው። ታሽጎ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ደግሞ ከውጭ የሚገፋው ኃይል ሲቀንስበት በውስጥ በኩል መውጫ ይፈልጋል። የሁለት ሳምንት ጠጅ ገና እየፈላ ያለ ጠጅ ነው። እሱን በሰም አሽጎ ከአዲስ አበባ በላይ ይዞ መውጣት ምን እንደሆነ የገባው ተሳፋሪ አልነበረም።

ጊቤ በረሃ ላይ ደረስን። ከሸለቆው የሚነሣው ሙቅ አየር ዳኮታውን አንሥቶ ጣለው፤ ደግሞ አነሣው። ቄሱ «በስመ አብ» ብለው ሳይጨርሱ፦

ጧ!

ሃምሳ አለቃው «ተኛ!» ብሎ ከስኳሩ ጆንያ ሥር ገባ። ቡሹ ጣሪያውን መትቶ፣ የነጋዴውን ባርኔጣ ገርፎ፣ የገባበት ጠፋ። ከአያቴ ማጅራት ላይ ወርቅማ ፏፏቴ ተነሥቶ አቡጀዲውን፣ ቄሱንና ዶሮዋን አጠመቀ። ዶሮዋ ከእቅፍ አመለጠች። ባለቤቷ ግን ዶሮዋን ትታ ጭንቅላቷን ይዛ ትጮኻለች፦ «ሕፃኑ! ኧረ ሕፃኑ ፈነዳ!»

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ አያቴ ተንደረደሩ። ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። ጢማቸውን ይዘው አሸተቱት።

«ይህ» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው፣ «ጌሾ ነው።»

የአብራሪዎቹ በር ተከፈተና ወጣቱ ረዳት አብራሪ መጣ። በዚያ ዘመን ዋና አብራሪዎቹ በአብዛኛው ፈረንጆች ነበሩ፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ ሆነው የበረሩት ከጉዟችን ጥቂት ቀደም ብሎ በ1957 እ.ኤ.አ. ነውና ነገሩ ገና ትኩስ ነበር። ወጣቱ ጆንያ ሥር ያለውን ወታደር፣ ገመዱ ላይ የወጣችውን ዶሮ፣ ከአንቀልባው የሚንጠባጠበውን ተራ በተራ አየ። አያቴ አንገታቸውን ደፍተው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ የደረሰ እንግዳን ባዶ አፉን ማቆም ነውር መሆኑ ትዝ ሲላቸው ደምጃኑን ከጀርባቸው አወረዱ፤ ከሃምሳ አለቃው ላይ ኩባያ ተቀብለው ቀዱለት።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ አብራሪ አይጠጣም» አለ።

«ፈረንጁስ?»

«እሱም አይጠጣም።»

«ታዲያ» አሉ አያቴ ከልባቸው ደንግጠው፣ «ምን ጠጥታችሁ ደፈራችሁ?»

ወጣቱ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲመለስ «ብትነግሩን እኮ ቡሹን ላላ አድርጋችሁ ያዙ እንላችሁ ነበር። ሌላ የታሸገ ነገር የያዘ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ዝም ተባለ። ከዚያ ነጋዴው ከካፖርቱ ውስጥ አንድ ጠርሙስ አረቄ አወጣ። ባለ ዶሮዋ ከቀሚሷ ሥር የቅቤ ቅል አመጣች። ቄሱም ብዙ ካሰቡ በኋላ ከካባቸው ጠርሙስ መዘዙ፤ ጠበል ነው አሉ፤ ማንም አልተከራከረም። ለካ ያ የሰፈር አዋቂ ሰፈሩ ሰፊ ኖሯል! ረዳት አብራሪው ክዳን ሁሉ እንዲላላ አዝዞ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቡሹ ተፈልጎ አልተገኘም። አፉ የተከፈተ ደምጃን በዚያ ሁሉ ንውጽውጽታ ጅማ ድረስ ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ማፍሰስ ደግሞ ኃጢአት ነው። የቀረው መፍትሔ ግልጽ ነበር። የሃምሳ አለቃው ኩባያ በግራው አግዳሚ ወርዶ በቀኙ ወጣ። ለእኔም ለጆሮው ይበጀዋል ተብሎ አንድ ጉንጭ ደረሰኝ። ነጋዴውና ሃምሳ አለቃው ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ስለ ኮርያ፣ አንዱ ስለ ቡና ዋጋ እኩል ያወራሉ፤ በሞተሩ ጩኸት የተነሣ አይደማመጡም፤ ግን በሁሉም ነገር ተስማምተዋል። እግር የሚያደነዝዘውን ብርድ የሚያነሣ ሰው አልነበረም።

ጅማ ላይ ስንደርስ ማረፊያው ሜዳ በከብት ተሞልቷል። ዳኮታው ዝቅ ብሎ በላያቸው ላይ አጉርቶ አለፈ። ላሞቹ ሮጡ፤ አንድ በሬ ብቻ ቀና ብሎ አይቶን ሣሩን ቀጠለ። ተሳፋሪው በሙሉ መስኮት ላይ ተደርድሮ ለበሬው አጨበጨበ። በሁለተኛው ዙር እረኛው ደርሶ ጎተተው፤ እኛም ወረድን፤ ጅራቱ መሬት ሲነካ ወለሉ እንደገና ዳገት ሆነ፤ አንዳንዱ ተሳፋሪ ግን የዳገቱ መነሻ ወለሉ ይሁን ጠጁ መለየት አቅቶት ነበር።

ታች መዝገብ የያዘ ሰውዬ ቆሞ ወራጁን ይቆጥራል። ሲቆጥር ቆይቶ አያቴ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«እዚህ ሕፃን አንድ ይላል። ሕፃኑ የታለ?»

አያቴ ወደ ሰማይ አዩ፤ ላለመዋሸት ይህ ብቻ ነበር የቀራቸው። ቄሱ ጢማቸውን ይጨምቃሉ። ሃምሳ አለቃው ተረከዙን ገጨት አድርጎ ቀጥ አለና ሰላምታ ሰጠ።

«ጠጥተነዋል ጌታዬ!»

ሰውዬው አያቴን አየ። አንቀልባውን አየ። ጠጋ ብሎ አሸተተ። ግራ ቀኙን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምንም አልተረፈም?»