ጉዳዩ፦ በወረርሽኙ ወቅት ስለተደረገልን ድጋፍ ምስጋና ስለማቅረብ

ለዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ባላችሁበት

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ብዕር ያነሳሁት ለማመስገን ነው። ሰሞኑን ባሳተማችሁት ባለ ቀለም መጽሔት፣ ሪባን ከሚቆረጥበት ፎቶ ሥር፣ ዩኒቨርሲቲያችን በኮቪድ ጊዜ «በዲጂታል አማራጮች የመማር ማስተማር ሥራውን ሳያቋርጥ» እንደቀጠለ በምርጥ ተሞክሮነት ሰፍሮ አነበብኩ። በወቅቱ ተመራቂ ተማሪ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ሲሠራ በደንብ ሳላየው ያለፈኝ ምናልባት እኛ ቀበሌ ኔትወርክ ስለሌለ ይሆናል።

የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። እኛን መጀመሪያ ከግቢ ንቅንቅ እንዳትሉ አላችሁን፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጓዛችሁን ይዛችሁ ውጡ አላችሁን። መቼም 15 ቀን ነው ብለን ብርድ ልብሱንም ደብተሩንም ሎከር ውስጥ ቆልፈን፣ አንድ አንድ ፌስታል አንጠልጥለን ወጣን። የተመለስነው በቀጣዩ ዓመት ነው። ስንመለስ ንብረታችን በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቆ እስቶር ውስጥ ተከምሮ ጠበቀን። ዶርሞቹ ከውጭ ለተመለሱ ወገኖቻችን ለይቶ ማቆያ ሆነው ስለነበር በዚህ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ፣ ይቅርታ ምስጋናዬ፣ የሚጀምረው ከትምህርቱ ላይ ነው።

ትምህርቱ የመጣልን በቴሌግራም ነው። የክፍላችን ተጠሪ ግሩፕ ከፈተ፣ መምህሩም ሞጁሉን ለቀቁ፤ 62 ሜጋባይት። ገጾቹ በስልክ ካሜራ የተነሱ ስለሆኑ ግማሾቹ በጎናቸው ተኝተዋል። ገጽ 17 ላይ የመምህሩ አውራ ጣት አንዱን ትርጓሜ ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። በኋላ ፈተና ላይ የመጣው ያው ትርጓሜ ነው።

እኛ ሰፈር መብራት አልገባም። (ያኔ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ መብራት አልነበረውም፤ ይህን ከራሳችሁ መምህራን አንዱን ብትጠይቁ ይነግራችሁ ነበር።) ስልክ ቻርጅ የሚደረገው በገበያ ቀን፣ ወረዳ ከተማ ካለው ወፍጮ ቤት፣ ተከፍሎበት ነው። ኔትወርክ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ከተማው ላዞረ ብቻ ብቅ ይላል። አንድ ቀን አባቴ ከዚያ ጉብታ ላይ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆሜ አየኝና «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «ክፍል ገብቼ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ስትወጣ በሬዎቹን ውሃ አጠጣልኝ» ብሎኝ ሄደ። ያን ቀን ግን አልተማርኩም፤ ሞጁሉ 40 በመቶ ላይ ደርሶ ካርዱ አለቀ። ለቀሪው 60 በመቶ እናቴ እንቁላል ሸጠች።

መምህሩም ቢሆኑ አልተኙም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ «ጥያቄ ያለው?» ብለው ይጽፋሉ። ጉብታው ላይ በዚያ ሰዓት ያለው ጅብ ብቻ ስለሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። ጠዋት ስንከፍተው «ጥያቄ ስለሌለ ቻፕተር ሦስት ተጠናቋል» የሚል እናገኛለን።

የኢ-ለርኒንግ ፖርታሉን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ማስታወቂያው ተማሪዎች ካሉበት ሆነው እንዲማሩ ይጋብዝና፣ ከሥሩ በደቃቁ «የይለፍ ቃል ከሪጅስትራር በአካል ቀርበው ይውሰዱ» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። የሥነ ልቦና ምክር ለሚፈልግም የስልክ ቁጥር ተለጥፎ ነበር። የቢሮ መስመር ነው። ሠራተኞቻችሁ እንደ እኛው ቤታችሁ ሁኑ ተብለው ስለነበር፣ ስልኩ ባዶ ቢሮ ውስጥ እየጮኸ የተጨነቀውን ሁሉ ሲያጽናና ከርሟል።

ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፣ ለሳምንታትም ሳይከፈት ቆየ። ይህን የዘጋችሁት እናንተ አይደላችሁም። የአሳይመንት ማስረከቢያ ቀን መራዘሙን ግን በዚያው ሰሞን በቴሌግራም አሳውቃችሁናል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ፣ የተራዘመውም ቀን አልፎ ነበር።

ታናሽ እህቴ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቢሮ ትምህርቱን በራዲዮ ስለሚያስተላልፍ፣ በአባቴ ባለ ሁለት ድንጋይ ራዲዮ እየተማረች ሳይንሱን ታስረዳኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችንም የራሱ ኤፍ ኤም ጣቢያ አለው። ያን ክረምት የተመረጡ ዘፈኖችንና የእጅ መታጠብ ማስታወቂያ ስታሰሙ ከረማችሁ። አንድ ሌክቸር እንኳ በመካከል ጣል ማድረግ ለማንም ትዝ አላለም፤ ራዲዮ ዲጂታል አይደለማ!

ሁሉም እንዲህ ነበር ብል ደግሞ ሐሰት ይሆናል። የኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ሳኒታይዘር ሠርቶ ለከተማው ሕዝብ አድሏል። ስታትስቲክስ ያስተማሩን መምህርም አሉ። እሳቸው ሞጁሉን በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው፣ በየወረዳው ከፋፍለው፣ በፖስታ አሽገው፣ መናኸሪያ ሄደው ለአውቶቡስ ሹፌሮች አስረከቡ። የእኔ ፖስታ ሁለት ገበያ ሳያልፍ እጄ ገባ። ገጾቹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ጣት ያልነካቸው። ከመጨረሻው ገጽ ላይ አሥር ጥያቄ ነበር፤ መልሱን በዚያው ሹፌር እጅ መለስኩ፣ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ተመለሰልኝ። በዚያ ሁሉ ወራት የተማርኩት ትምህርት ያ ብቻ ነው። በመጽሔታችሁ ግን አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመራቂዎች ቀድመው ይግቡ ተብለን ተጠራን። መግቢያው በር ላይ ሙቀታችን ተለካ፣ ሮቶው ውሃ ባይኖረውም እጃችሁን ታጠቡ ተባልን። የመጀመሪያው ክፍል ላይ መምህሩ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው «ቴሌግራም ላይ የተለቀቀው በሙሉ እንደተሸፈነ ይቆጠራል» አሉ። ከዚህ ከተሸፈነው ተፈተንን። ከእኛ ክፍል ከወደቁት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። አዲስ አበባ ዋይፋይ ካለው ቤት የከረሙት ልጆች ጎበዞች አይደሉም እያልኩ አይደለም፤ ነገር ግን እነሱ ተምረው፣ እኛ ተለቆብን፣ ለአንድ ፈተና ተቀመጥን።

ስለሆነም ጽሕፈት ቤታችሁ የሚከተለውን እንዲፈጽምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ተሞክሮ ብላችሁ የጻፋችሁትን ዐረፍተ ነገር ከቀጣዩ እትም አውጡት። በእሱ ፋንታ የፖስታውን ታሪክ አስገቡ፤ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የሚበጀው እሱ ነው። የስታትስቲክስ መምህሩ ለማተሚያ ያወጡትን ወጪ ደግሞ ደረሰኙን ተቀብላችሁ ክፈሏቸው፤ ያኔ ፋይናንስ ክፍል አቅርበው «የበጀት ኮድ የለውም» ተብሎ ተመልሶባቸዋል።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ ተማሪያችሁ