ከካርቶኑ ጋር የመጣው ፋን

በነጻ የተሰጠ ነገር ሁሉ በሰው ዘንድ መናኛ ሆኖ መቈጠሩ ከጥንት የኖረ ጠባይ ስለ ሆነ፥ የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ሲገዛ ከካርቶኑ አብሮ የሚወጣው ትንሽ ፋን፥ ገና ላስቲኩ ሳይቀደድ፥ ሥራውም ሳይታይ፥ «ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋል!» ተብሎ ወደ ጥግ ቢወረወር የሚያስደንቅ አይደለም። እኔ ግን ባለጉዳይን ሳይሰሙ መፍረድ በፍትሐ ነገሥትም ሆነ በሕገ ልቡና ያልተፈቀደ መሆኑን ስለማምን፥ ምንም እንኳ ተከሳሹ አንደበት ባይኖረው፥ ጉዳዩን አጣርቼ ለማየት ቈረጥሁ።

ከሳሾቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው የእህቴ ልጅ ነው፤ ይህ ልጅ ጌም በመጫወትና ቪድዮ በመቈራረጥ ዓይኑን ያቀላ፥ ስለ ኮምፒዩተር ሲናገር እንደ መጽሐፍ መምህር «አንድም» እያለ የሚያመሰጥር፥ ነገር ግን የቤቱ መብራት ሲቃጠል ለመቀየር ወንበር ላይ የማይወጣ ነው። «ጋሼ፥ በዚህ ፋን ጌም ከከፈትን ፕሮሰሰሩ ይነዳል እኮ» አለኝ። ሁለተኛው ከሳሽ ነጋዴው ሲሆን፥ ስድስት የመዳብ ቧንቧ የተጠላለፈበት፥ ሁለት ፋን በግራና በቀኝ የታቀፈ፥ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ከቀይ ወደ ሰማያዊ፥ ከሰማያዊም ወደ ወይን ጠጅ የሚለዋወጥ አንድ ግንብ ከመደርደሪያው አውርዶ፥ የአገሩ ሙቀት እንደማይታመን አስረዳኝ። ዋጋውን ከመናገሩ አስቀድሞ በእመቤታችን መማሉ ግን ምስክርነቱን በጥርጣሬ እንድመዝነው አደረገኝ፤ ዋጋው ሲነገር ደግሞ የፕሮሰሰሩን እኩሌታ አልፎ ተገኘ። ለአንድ ጀበና ቡና የሠርግ ድንኳን ይተከል እንደ ማለት ነው።

ተከሳሹን ከካርቶኑ አውጥቼ በጠረጴዛዬ ላይ ሳስቀምጠው፥ እውነቱን ለመናገር፥ መልኩ ለራሱ የሚሟገት መልክ አልነበረም። ስፋቱ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፥ ከመካከሉ ወደ ዙሪያው የአሉሚኒየም ክንፎች የተዘረጉለት፥ በላዩ ጥቁር ፋን የተቀመጠበት፥ በአራቱም ማዕዘን የፕላስቲክ እግሮች የበቀሉለት ፍጥረት ነው። እግሮቹ በማዘርቦርዱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብተው፥ በማዕዘን ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ሁለቱ ባንድነት በአውራ ጣት ሲጫኗቸው «ቀጭ» ይላሉ፤ «ቀጭ» ያላለ እግር የተገኘ እንደ ሆነ ግን ፋኑ ወደ አንድ ወገን ተንጋዶ ይቀርና፥ ጥፋቱ የገጣጣሚው ሆኖ ሳለ ስሙ የሚጠፋው የፋኑ ይሆናል። ስለዚህ ፋን ከሚወራው ሐሜት ብዙው የሚመነጨው ከዚያች ካልጮኸች እግር ይመስለኛል።

ከሥሩ ግራጫ ቅባት ተቀብቶ ይመጣል። ሁለት ብረቶች ምንም ቢለሰልሱ ሲገናኙ በመካከላቸው ዓይን የማያያቸው ጐድጓዳ ሥፍራዎች ስለሚቀሩ፥ በእነዚያም ውስጥ የሚደበቀው አየር ሙቀትን ለማሳለፍ እጅግ ሀኬተኛ ስለ ሆነ፥ ቅባቱ ያን አየር አስወጥቶ በቦታው ይተካል፤ ተልእኮውም ይኸው ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ቅባት ያረጀ ጊዜ አዲሱ እንዴት ይቀባ በሚለው በገጣጣሚዎች መካከል የተነሣውን ክርክር የሰማ ሰው፥ የቅባትና የጸጋ ነገር በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተፈትቷል መባሉን ሊጠራጠር ይችላል፤ አንዱ ወገን በመካከል አንዲት ጠብታ ትበቃለች ሲል፥ ሌላው በመስቀል አምሳል ይሰመር ይላል፥ ሦስተኛው ደግሞ ገጹ ሁሉ ካልተሸፈነ ሁለቱንም ያወግዛል። ፋኑ ከላይ ተጭኖ ሲጠብቅ ቅባቱ በራሱ ጊዜ ስለሚሰራጭ፥ የሦስቱም ውጤት ከጥቂት ዲግሪ በላይ አይለያይም፤ ይህን ለገጣጣሚ መናገር ግን ለጸብ መነሣት ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ እንመለስ። የእኔ ፕሮሰሰር ኢንቴል በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ያወጣው ባለ ስድስት ኮር አይ5-12400 ነው። ሠሪው በመዝገቡ 65 ዋት ብሎ ያስቀመጠለት ሲሆን፥ ሥራ ሲበረታበትም እስከ 117 ዋት እንዲወስድ ፈቅዶለታል፤ በፕሮሰሰር ውስጥ የገባ ኃይል ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ፥ ፋኑ ተሸክሞ እንዲያወጣ የሚጠበቅበት ሸክም ይህ ነው። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ማንም ሳይመክረው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካልበቃ ጨርሶ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ የተነበየው የእሳት ቀን የሚመጣ አይደለም፤ ሊመጣ የሚችለው የቀስታ ቀን ነው፤ ቀስታም በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው እንደ ጥፋት አይቈጠርም።

ነጋዴው ስለ አገሩ ሙቀት የተናገረው ግን ሳይታሰብ ወደ አንድ የረቀቀ ነገር መራኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሯ ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን ስስ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚሄደው የአየሩ ክብደት እንጂ ስፋቱ ስላልሆነ፥ ፋኑ በጠረፍ አገር ከሚዞረው እኩል ቢዞርም እዚህ የሚገፋው ቀለል ያለ አየር ነው፤ በተራራ ላይ የሚሮጥ የቈላ ሰው የሚያለከልክበት ምክንያት በፋኑም ላይ ይሠራል ማለት ነው። ሆኖም ክፍሌ ውስጥ ያለው ሙቀት 22 ዲግሪ ግድም ሲሆን፥ በጅቡቲ በሐሩር ወራት ጥላ ሥር ከ35 በላይ ስለሚሆን፥ በስስነቱ የተወሰደብን በቅዝቃዜው ተመልሶ፥ ሒሳቡ ሲዘጋ ትርፉ የእኛ ነው። ነጋዴው ይህን ስነግረው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራውን ማየት ነበር። እኔ ስጽፍ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ግድም ሆኖ ይውላል፤ የእህቴ ልጅ ጌም ሲከፍት ከ60 ያልፋል፤ የቈራረጠውን ቪድዮ አጠናቅቆ ሲያወጣ፥ ያን ጊዜ ስድስቱም ኮሮች ስለሚጠመዱ፥ 80ን ጥቂት ተሻግሮ ይቆማል። ከ100 ገና ሩቅ ነው። በዚህ ሰዓት ግን ፋኑ በደቂቃ ወደ 3,000 ዙር ስለሚደርስ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ሳሎን ተቀምጣ ድራማዋን የምትከታተለው ባለቤቴም ምንም ሳትናገር ተነሥታ በራችንን ዘጋችው። በተከሳሹ ላይ ከቀረበው ማስረጃ ሁሉ ሊስተባበል ያልቻለው ይህ አንዱ ነው፤ ለጆሮ ሰላም ብሎ ግንቡን የሚገዛ ሰው ቢኖር አልቃወመውም፤ ለፕሮሰሰሩ አዝኜ ነው የሚለኝን ግን አላምነውም።

እርግጥ ነው፥ ይህ ፍርድ ለሁሉም አይሠራም። የእኔው ፕሮሰሰር ታላቅ ወንድም የሆነው አይ7-12700 በመዝገብ 65 ዋት ተብሎ ቢጻፍም፥ ሲበረታበት እስከ 180 ዋት የሚበላ ስለ ሆነ፥ ረጅም ሥራ የተሰጠው እንደ ሆነ ትንሹ ፋን አይዘልቀውም። ከስማቸው መጨረሻ «ኬ» የተጻፈባቸውን ደግሞ ኢንቴል ከ2015 ጀምሮ ያለ ፋን መሸጥ የለመደ ሲሆን፥ ተፎካካሪው ኤኤምዲም ራይዘን 5 5600ን ከነፋኑ፥ ራይዘን 7 5800ኤክስን ግን ባዶውን ነው የሚሰጠው። ሠሪው ራሱ አላምነውም ያለውን ፋን ሌላው ሊያምነው አይገባም፤ አምኖ ከካርቶኑ የጨመረውን ግን የሱቅ ሰው ሊያስክደን አይችልም።

ከሙቀትም ከከፍታም የከፋው ጠላት፥ ማንም ያልከሰሰው አቧራ ነው። ሰፈሩ በሚቈፈርበት በዚህ ዘመን፥ በክንፎቹ መካከል የሚከማቸው ግራጫ ብናኝ አየሩን ዘግቶ ውዱንም ርካሹንም ፋን እኩል ያደርጋቸዋል፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ፥ ገመዱ ተነቅሎ፥ የፋኑ ክንፍ በጣት ተይዞ በቀለም ብሩሽ ማራገፍ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ፍርዱን ለእህቴ ልጅ አሰማሁት፦ ፋኑ በነጻ ይለቀቅ፤ በግንቡ ዋጋ ሁለተኛ 8 ጊጋባይት ራም ይገዛ፤ ቪድዮውንም ጌሙንም የሚያፈጥነው እሱ ነውና። ይግባኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ።

«ጋሼ» አለኝ፥ «እንደዚያ ከሆነማ የሚያበራ ራም አለ እኮ!»