እግረኛ ይፈለጋል

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በእግር መሄድ ተጀመረ! ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ሕዝቡ በምን ሲዘዋወር እንደኖረ ታሪክ ጸሐፊዎች ይመርምሩት። ብቻ ቤት ሻጮቻችን ዕድሜ ይስጣቸውና፣ እግር ለመሄጃ እንደሚያገለግል አሁን በይፋ ታውቋል። በየአጥሩ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ «ሁሉ ነገር በእግር የሚደረስበት፣ ቅንጡ፣ የመሃል ከተማ መኖሪያ» ይላል። ዋጋው በካሬ ነው የሚነገረው። ሲነግሯችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

እኛ የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሰዎች ይህን የምሥራች የሰማነው መንገድ ላይ ነው፤ ያው እንደ ልማዳችን በእግራችን ስንሄድ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በቅንጦት ስንኖር የነገረን ሰው የለም!

እስቲ ኑሯችንን ተመልከቱት። ከድልድዩ ባንድ ወገን አራዳ ጊዮርጊስ ነው፤ በሌላው ወገን ጎጃም በረንዳ፣ ገፋ ሲሉ አውቶቡስ ተራ፣ ከዚያ መርካቶ እንዳለ። እማማ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ ቲማቲም ቋጥረው ይገባሉ። በርበሬ ያለቀባት በርበሬ ተራ፣ ክር የቸገራት ድር ተራ፣ የድስቷ ጆሮ የወለቀባት ምናለሽ ተራ ብቅ ትላለች። አንዋር መስጊድ የሚሰግደውና ራጉኤል የሚሳለመው ጎረቤታሞች እያወጉ አብረው ሄደው፣ እያወጉ አብረው ይመለሳሉ። ክፍለ ሀገር የሚሄድ ዘመድ እስከ መናኸሪያ በእግር ይሸኛል፤ ሻንጣውን ለመሸከም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሻማል። ለዚህ ሁሉ አንዲት ጠብታ ቤንዚን አልነደደችም። ኪራዩ ደግሞ፣ የቀበሌ ቤት ለደረሰው፣ ወሩን ሙሉ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያነሰበት ቤት ሞልቶ ነበር።

ካርሎስ ሞሬኖ የሚባሉ የፓሪስ ፕሮፌሰር፣ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ከቤቱ በ15 ደቂቃ ውስጥ በእግሩ ወይም በብስክሌት ያግኝ ቢሉ ዓለም አጨበጨበላቸው። የያኔዋ የፓሪስ ከንቲባ አን ኢዳልጎም በ2012 ዓ.ም. ለድጋሚ ምርጫ ሲወዳደሩ ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ፕሮፌሰሩ ድልድያችን ላይ ቢቆሙ በ15 ደቂቃ እንኳን ዳቦ፣ የሙሽራ ጥሎሽ ከነሻንጣው አሟልተው በተሸካሚ አስይዘው በተመለሱ ነበር። እንግዲህ ዕጣ ፈንታ ነው፤ የፓሪሱ ሽልማት ሲያስገኝ የእኛው በየጥናቱ የተጎሳቆለ አካባቢ ተብሎ ተመዘገበ።

መጎሳቆሉስ ውሸት አይደለም። ሽንት ቤቱን አላነሳሁትም፤ ብተወው ደስ ይለኛል። ለስንት አባወራ አንድ ጉድጓድ እንደሆነ፣ በክረምት ምን እንደሚመስል፣ ሌሊት አሮጊት እናቱን ባትሪ ይዞ ያጀበ ያውቀዋል። ግን ቤቱ የማን ነበር? በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። አከራያችን መንግሥት ሆነ ማለት ነው። ይህ አከራይ ኪራይ ሲቀበል ኖረ፤ ጣሪያው አፈሰሰ ሲሉት በጀት የለም፣ በራሴ ልጠግን ሲሉት ፈቃድ የለህም ይላል። ጭቃው ሲረግፍ፣ ቆርቆሮው እንደ ወንፊት ሲበሳሳ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን መጣና ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ደነገጠ። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ይኖራል ብሎ አዘነ። ከሐዘኑ ብዛት የተነሳ ተከራዩን አስወጣው።

ሽንት ቤት መሥራት ይቻል እንደነበር የሚናገሩ አሉ፤ እዚያው ቦታ ላይ፣ ለእነዚያው ሰዎች። እነዚህ ዕድገት ያልገባቸው ናቸው። የሽንት ቤት ችግር የሚፈታው ተጠቃሚውን ከተማ ዳር፣ አራብሳ በመውሰድ መሆኑ በሳይንስ የተረጋገጠ ነገር ነው።

ድልድዩ ስሙን የወረሰው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ከአባ መላ ነው፤ የምኒልክ የጦር ሚኒስትር የነበሩ፣ ለፍርድ አዋቂነታቸው እስከ ዛሬ የሚወሱ፣ በ1919 ዓ.ም. ያረፉ ሰው። በዘመናቸው መኳንንቱ ሰፈር ሲይዙ ጭፍራው፣ ወጥ ቤቷ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ አንጥረኛው ሁሉ ዙሪያቸውን ነበር የሚሰፍረው። አዲስ አበባ በዚህ አኳኋን ነው ያደገችው፤ የጌታው አዳራሽና የሎሌው ጎጆ አጥር ለአጥር እየተዋሰኑ። ይቅር ይበሉኝና፣ በፊታውራሪ አዝናለሁ። የጦር ሚኒስትር ሆነው፣ ያን ሁሉ ሠራዊት እያዘዙ፣ ድሃ ጎረቤታቸውን ጭኖ ገላን ጉራ የሚያደርስ አንድ አውቶቡስ እንኳ ማሰናዳት አልታያቸውም። መላ ከየት ይምጣ!

መላውን ያመጣው ጣሊያን ነው። በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማችንን በያዘበት በእነዚያ አምስት ዓመታት ፒያሳን ለነጭ አለና ገበያውን ከነገበያተኛው ገፍቶ ወዲህ ወደ ምዕራብ አወረደው፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለቱ ነው፣ መርካቶ ኢንዲጄኖ ብሎ ሰየመው። ድልድያችን በሁለቱ መሃል ቀረ። እኛ ግን፣ ተመስገን፣ ጣሊያን አይደለንም። የሰው ቆዳ አይተን ሰፈር አንለይም። የምናየው የባንክ ደብተር ነው።

ከዚያ ወዲህ እርስ በርስ መገፋፋቱን ተካንበት። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰበብ ወደ ጃንሜዳ ተነሳ፣ ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት። በዚያው እልም አለ፤ ከድልድዩ ማዶ በእግሯ ሄዳ ጎመን ትገዛ የነበረችው እናት ዛሬ ጎመኑ መኪና ተሳፍሮ፣ የመኪናውን ሒሳብ ጨምሮ ነው ደጇ የሚመጣላት። የካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ ምረቃው ሳይረሳ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን፣ እነ ዶሮ ማነቂያ፣ እነ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ አቧራ ሆኑ። ደጃች ውቤ ሰፈር ከዘፈንና ከልቦለድ ሌላ ምን ሠርቷል? ሰዉ ቁልፍና የዕቃ መኪና ተሰጥቶት ሄደ። ቁልፉን የተቀበሉ ብዙዎች ቧንቧና የራሳቸው ሽንት ቤት አግኝተዋል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ያጡት ጥቃቅን ነገር ነው፦ ጉሊቱን፣ ደንበኛውን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ እድሩን። እሁድ ጠዋት የእድር መዋጮ ለመክፈል ከአራብሳ በሦስት ታክሲ እየተቀባበሉ የሚመጡ አዛውንቶች አሉ። መዋጮው ከታክሲው ያንሳል። ሌላ እድር ግቡ ቢሏቸው፣ ሊቀብረኝ የሚመጣ ሰው ማን እንደነበርኩ ይወቅ ይላሉ። ኋላ ቀርነት ሥር የሰደደ ነገር ነው።

እኔ ግን ዘመኑን ለመምሰል ካንዱ ሪል ስቴት ሽያጭ ቢሮ ጎራ አልኩ። መግዛት ባይቻል ማየት አይከለከልም። አንዲት ትሑት ልጅ ማኪያቶ አስመጣችልኝና በትልቅ ስክሪን ወደፊት የሚሠራውን ሰፈር አሳየችኝ። ዛፉ በልክ የተከረከመ፣ ንጣፉ የሚያብረቀርቅ። መንገዱ ላይ ሰዎች ይራመዳሉ። አንዲት ፀጉረ ወርቅ ፈረንጅ ነጭ ውሻ ትስባለች፤ አንድ ጎልማሳ ላፕቶፕ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይስቃል፣ ከማን ጋር እንደሚስቅ እንጃ። ልብ ብዬ ስመለከት አንዳቸውም ምንም አልያዙም። ፌስታል የለ፣ ዘንቢል የለ፣ ልጅ ያዘለች እናት የለች። ሊስትሮው፣ ቆሎ አዟሪዋ፣ ጀብሎው፣ አህያው ድራሻቸው ጠፍቷል።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ወዴት ነው የሚሄዱት?» አልኳት።

«የትም አይደለም ጋሼ። ዝም ብለው ዎክ እያደረጉ ነው።»

«ጉሊቱስ በየት በኩል ነው?»

«ሱፐርማርኬት እዚሁ ሕንፃው ሥር አለ። በሊፍት ነው የሚወርዱት።»

«መኪና ማቆሚያስ?»

«እሱማ በደንብ ታስቦበታል! ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ፓርኪንግ አለው።»

ሁሉ ነገር በእግር በሚደረስበት ሰፈር ሁለት መኪና ለምን እንዳስፈለገ ልጠይቃት ከአፌ መለስኩት። ልጅቷ እንጀራዋ ነው።

መልሱን በኋላ በዓይኔ አየሁት። ማታ ማታ በአዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ዳር መኪና ተደርድሮ ይቆማል። ከመኪናው የስፖርት ጫማ ያደረጉ ሰዎች ይወርዳሉ፤ ወዲያ ይሄዳሉ፣ ወዲህ ይመለሳሉ፣ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ተሳፍረው ወደ ቤታቸው። ከሲኤምሲ ድረስ መኪና አስነስቶ ለመራመድ የሚመጣ ሰው አለ! 10 ሺህ እርምጃ መሙላት አለበት አሉ። ይህ ቁጥር ከሐኪም የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ በ1957 ዓ.ም. ግድም አንድ የጃፓን ኩባንያ የእርምጃ መቁጠሪያውን ለመሸጥ የሰጠው ስም ነው። የእኛ ተሸካሚ ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቦንዳ ጨርቅ ተሸክሞ፣ አንገቱ ተገትሮ፣ «ወገድ! ወገድ!» እያለ ከመርካቶ ድልድይ፣ ከድልድይ መርካቶ ሲመላለስ ይውላል። የሚቆጥርለት ሰዓት ስለሌለው ስፖርት አይባልለትም። በዚያው ሸክሙ አዲሱ ንጣፍ ላይ ብቅ ቢል ደንብ አስከባሪ ያባርረዋል፤ መንገዱ የእግረኛ ነዋ።

ለነገሩ ሰፈሩን ሰፈር ያደረገውን ሰው በመግፋት ብቻችንን አይደለንም። ጄን ጄከብስ የምትባል ሴት በ1961 እ.ኤ.አ. በጻፈችው መጽሐፍ፣ የኒውዮርኩ ሰፈሯ ግሪንዊች ቪሌጅ ሰላም የሆነው ባለሱቁ፣ ሥጋ ሻጩና በመስኮት የሚያዩት ጎረቤቶች መንገዱን ስለሚጠብቁት ነው አለች። አልተሳሳተችም። ሰፈሩን ከአፍራሽ ግሬደር ለማዳን ታገለች፣ ተሳካላት። ከዚያ የሰፈሩን ጣዕም የሰማ ባለገንዘብ ሁሉ ጎረፈበት፤ ዛሬ እዚያ ቤት የሚከራይ ባለሱቅና ሥጋ ሻጭ በባትሪ ብትፈልጉ አታገኙም። እኛ ይህን ረጅም መንገድ አሳጥረነዋል፤ ጣዕሙን ቀድመን አፍርሰን ነው ዋጋውን የምናስወድደው።

አሁን ስጋቴን ልናገር። ገዢዎቹ ገቡ እንበል። ከቤታቸው በሊፍት ወደ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤት በመኪና ወደ ሥራ። ያ ሁሉ የተወለወለ ንጣፍ ማን ይረግጠዋል? ገንዘቡን የከፈሉት እኮ ሕያው ሰፈር ተብሎ ነው። በረንዳ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ከጥበቃው ሌላ ሰው ካላዩ ውል ፈረሰ ይላሉ። ፈረንጇንና ውሻዋን ከስክሪኑ ማውጣት አይቻልም።

ስለዚህ ለአልሚዎቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ የሐሳቡን ዋጋ አልጠይቅም። እግረኛ ይቅጠሩ። የሥራ መደቡ መጠሪያ የሰፈር ተራማጅ ይሁን። ተፈላጊ ችሎታ፦ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወይም በፒያሳ አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ ማስረጃው የተመለሰ የቀበሌ ቤት ካርኒ። ሥራው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀመራል። ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው ጥግ ላይ ቆመው ያወራሉ፤ ዘንቢሉ ባዶ ይሆናል፣ ወሬው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፣ ስለ ኑሮ ውድነት ማንሳት አይፈቀድም። ሁለት አዛውንቶች ባርኔጣ አንስተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አራት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሱ ለንጣፉ ሲባል ከስፖንጅ ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይቆላል፣ ጭሱ ግን ከአንደኛ ፎቅ በላይ መውጣት የለበትም። አንድ ተሸካሚ በየሰዓቱ «ወገድ!» እያለ ያልፋል፤ ድምፁን ለገዢዎች ያማረ እንዲሆን የቲያትር ባለሙያ ያሠለጥነዋል። በዓመት አንድ ቀን የእድር ድንኳን ይተከላል፤ ለቱሪስትም ይሆናል። ሬሳው ግን አራብሳ ይቆይ።

ሲመሽ ከ12 ሰዓት በፊት ሁሉም አካባቢውን ለቀው ይወጣሉ፣ የደንብ ልብሳቸውንም አውልቀው ያስረክባሉ። ክፍያው በቀን ታስቦ ነው። ትራንስፖርት ግን ድርጅቱ አይችልም፤ በእግር መሄድ እንደሆነ ልምዱ አላቸው።