እኔንም አንቲክ በሉኝ

ለእረፍት ብለው ላሊበላ ወሰዱኝ። እረፍት! ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም በሰባ ዓመት ጉልበት የሚወጣ ሰው እረፍቱ የቱ ጋ እንደሆነ ልጆቼ ያስረዱኝ። በቅሎ ተከራይተውልኝ ነበር፤ እሷ ግን ሰፊውን መንገድ ትታ ገደሉን ጠርዝ ጠርዙን ካልሄድኩ አለች። ወረድኩና በከዘራዬ አዘገምኩ። ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ አስጨረሳት የምትባለዋን ደብር መሳለም መታደል ነው፣ በዚህ አላማርርም። ያንገበገበኝ ሱቁ ነው።

እነዚህ ልጆች ሱቅ ካዩ ቀጥ ነው። በየመታጠፊያው መስቀሉንና የሱፍ ቆቡን ድንጋይ ላይ የዘረጋ ጎረምሳ አለ፤ እሱን ስናልፍ ሌላው ይጠብቀናል። ከተማ ወርደን ደግሞ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት አንድ ሱቅ ዋጣቸው። «አባባ፣ ናማ እየው! ሁሉም አንቲክ ነው!»

ገባሁ። የእናቴ ቤት ቁጭ ብሏል። አገልግሉ፣ ብርሌው፣ የቀንድ ዋንጫው፣ የከሰል ካውያው። ከሁሉ የገረመኝ ኩራዙ ነው፦ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ክዳኑ በሚስማር ተበስቶ የጨርቅ ክር የገባበት። በሱ ሳጠና አድሬ ጠዋት አፍንጫዬን ስናፈጥ ጥላሸት ይወጣ ነበር። ዋጋው ስምንት መቶ ብር! «ለምን?» ብለው «ዝገቱን አይተውታል አባቴ?» አለኝ ባለሱቁ። እኛ ቤት የዛገ ይጣል ነበር። እኔም ዝጌያለሁ፤ የጡረታ ደሞዜን ግን ማንም ከፍ አላደረገልኝም።

የልጅ ልጄ ማርትሬዛ ብር አንስቶ «1780 ይላል!» ብሎ ጮኸ። አንተ ልጅ፣ ሁሉም 1780 ነው የሚለው! ብሩ ላይ ያለችው ንግሥት በፈረንጆቹ 1780 ሞተች፤ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እያተሙ ሲቀጠቅጡት ኖሩ። አባቴ በሬ የገዛበትን ገንዘብ የአንገት ጌጥ ሊያደርገው ነው። አሞሌውንማ መደርደሪያ ላይ ሊያቆሙት ተማከሩ። ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ የመጣ ጨው፣ ወጥ ሳያይ!

ከውጭ የመጣችው ልጄ ደግሞ ዓይኑ የፈጠጠ መልአክ የተሳለበት የብራና ክታብ ላይ ተጣበቀች። እዚህ ላይ ቆጣ አልኩ። አፍሮ አይገባ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ዞሮ የተመለሰው ከዚህችው ከተማ ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል አዋጅም አለ፣ ቁጥር 209/1992። ባለሱቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አይስጉ አባቴ፣ አምና የተጻፈ ነው፤ ጢስ ላይ ሰቅዬው ነው» አለኝ። ሰውዬውን ወደድኩት። ለልጄ ግን አልነገርኳትም፤ ክርክሩን ስጨርስ ይመሻል።

ኩራዙን ተከራክሬ ወደ አምስት መቶ አወረድኩት። ምስጋና ሲገባኝ «አባባ፣ ባህል ላይ አይከራከሩም» ተባልኩ። እንዴ! ክርክሩስ ባህል አይደለም?

ማታ ሆቴሉ መብራት ጠፋ። ጫማዬን በዳበሳ እየፈለግኩ «ነጭ ጋዝ ፈልጉና ያንን ኩራዝ አብሩልኝ» አልኩ። ልጄ የስልኳን መብራት ዓይኔ ላይ ደግና «ኧረ አባባ፣ እሱ እኮ ለማየት ብቻ ነው» አለችኝ።

እኔስ ለምን ፈለግኩት?