«ፋስቲንግ ፉድ»፦ የአንድ ሐረግ ሰዋስዋዊ ምርመራ ከጣና ዳር

ባሕር ዳር፣ ሐይቁን ይዘው ከተደረደሩት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ሜኑ ሲገልጥ ሁለት የእንግሊዝኛ አርእስት ያገኛል፤ «ፋስቲንግ ፉድ» እና «ኖን ፋስቲንግ ፉድ»። ይህ ጥናት የመጀመሪያውን ሐረግ ትክክለኛ አጠቃቀም ይመረምራል። የመስክ ሥራው የተከናወነው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሆን፣ ሙሉ ወጪውን አጥኚው ከኪሱ ሸፍኗል።

ሐረጉን የሚነቅፉ ወገኖች መከራከሪያቸው አጭር ነው። «ፋስቲንግ» መጾም፣ «ፉድ» ምግብ ከሆነ፣ ሐረጉ ምግቡ ራሱ የሚጾም ያስመስላል ይላሉ። የመስክ ማስረጃው ለእነሱ ያደላል፦ የረቡዕ ሽሮ ቅቤ አይቀምስም፤ ክክ ወጡም እንዲሁ። ሁለቱም ጾመኞች ናቸው።

ደጋፊዎቹ ደግሞ «ስዊሚንግ ፑል»ን ይጠቅሳሉ። ገንዳው አይዋኝም፤ ሰው ገብቶ ይዋኝበታል እንጂ። በዚሁ ሕግ «ፋስቲንግ ፉድ» ሰው ገብቶ የሚጾምበት ምግብ ነው። በያይነቱ በትልቅ ትሪ ቀርቦለት የሚያውቅ ሰው በዚህ ትርጓሜ አይከራከርም።

ሌላ ቃል መተካት ተሞክሯል። «ቬጋን» እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር የተፈጠረ ቃል ነው፤ ነገር ግን ቬጋን የተባለ ሰው የፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ ፊት አይቀርብም። «ሌንተን» የሚለውም የሚያገለግለው ለሁዳዴ 55 ቀን ብቻ ነው፤ የፍልሰታን 15 ቀን፣ የነነዌን 3 ቀን፣ ረቡዕንና ዓርብን ሜዳ ላይ ይጥላል። የፊደል ጥንቃቄም ያስፈልጋል፦ ከ«ኤፍ» ቀጥሎ አንዲት «ኢ» ሾልካ ብትገባ ቃሉ «ፊስቲንግ» ይሆናል፤ ድግስ መብላት ማለት ነው። ከአርእስቱ ሥር የጾም ፒዛ፣ የጾም በርገርና የጾም ኬክ ተሰልፈው ላየ ግን፣ የፊደል ስሕተቱ የትኛው እንደሆነ መወሰን ያዳግታል።

ከባዱ ችግር ዓሣ ነው። የዓሣ ሊቃውንት በጣና ከሌላ የትም የማይገኙ፣ እዚያ ሰው ነጭ ዓሣ ከሚላቸው ወገን የሆኑ 15 ያህል ዝርያዎችን አንድ በአንድ ለይተው ሰይመዋል። ሜኑው ግን ሁለት ዓምድ ብቻ ይዞ አንድ የቆሮሶ ጥብስ መመደብ አልቻለም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ዓሣ በጾም አይበላም ብለው ያስተምራሉ፤ ተመጋቢው ደግሞ ከውኃ የወጣ ነው ብሎ ይሟገታል። ስለዚህ የዓሣ ጉላሽ አንዱ ቤት በጾሙ ዓምድ፣ ጎረቤቱ ዘንድ በፍስኩ ዓምድ ይገኛል። በሦስተኛው ቤት ከሁለቱም ተገልሎ «ፊሽ» በሚል አርእስት ለብቻው መንኗል።

ለንጽጽር ያህል በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት ተሄዶ ነበር። መነኮሳቱ ዘንድ «ፋስቲንግ» በብዛት ተገኝቷል። «ፉድ» የሚለውን ግን በአንድ ቀን ቆይታ ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ጀልባው የሚመለሰው ቀድሞ ነበር።

ይህ ጉዞ ግን ጥናቱን ወደ ቁልፉ ነጥብ መርቶታል፤ ጉዳዩ ለካ የሰዓት ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም፣ በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል መሆኑን ይናገራል። ሽሮም ምግብ ነው። በዐቢይ ጾም የአዘቦት ቅዳሴ የሚያበቃው ወደ 9 ሰዓት ግድም በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት «ፋስቲንግ» አለ፣ «ፉድ» የለም፤ ከዚያ በኋላ «ፉድ» አለ፣ «ፋስቲንግ»ው ተፈትቷል። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን በትክክል የሚቆሙት የመጀመሪያው ጉርሻ ከአፍ በሚደርስባት ቅጽበት ብቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የጾም ፍርፍር የሚያዝ ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይተውና፣ ሰዋስው ግን በግልጽ ጥሷል።

አጥኚው ይህን ግኝት ለመፈተሽ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አስተናጋጅ ጠራ።

«የጾም ነው የፍስክ?»

«የጾም።»

ትሪው መጣ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ሱፍ፣ ዳር ዳሩን ቃሪያ። እንጀራ ሁለት ጊዜ ተጨመረ። ለማስታወሻ የተዘጋጀው ወረቀት ለእጅ መጥረጊያ ዋለ።

ከገበታው ሲነሣ ጾሙ ከብዶት ነበር።